የኮራል ሪፍን እንዴት ማየትና ማንበብ ይቻላል? በኤላት ባሕር ዳርቻ ለሚዋኝ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

የውሃ መነጽር አጥልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቀይ ባሕር የሚገባ ሰው ዓይኑ የሚከተለው ዓሣውን ነው። ዓሣው ይንቀሳቀሳል፣ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ያለው ቡናማ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ነገር ግን ድንጋይ ወይም የባሕር ቁጥቋጦ መስሎ ይታለፋል። እኔም ባሕሩን መጀመሪያ ያየሁት እንዲሁ ነበር፤ እንግዶቹን ስቆጥር ቤቱን የሠራውን ባለቤት ሳላይ ወጥቻለሁ። ይህ መመሪያ ትኩረትዎን ወደ ኮራሉ ለማዞር የተጻፈ ነው። ኮራል ምን ዓይነት ፍጡር እንደ ሆነ፣ ድንጋዩን እንዴት እንደሚሠራ፣ ሪፍ የሚባለው ከባሕር ወለል ተነሥቶ እንደ ግንብ የሚቆመው ክምር እንዴት እንደሚገነባና እንደሚፈርስ፣ ይህንንም ሁሉ አንድ ተራ ዋናተኛ በዓይኑ አይቶ እንዴት ሊለየው እንደሚችል ያስረዳል።

ምሳሌዬን የምወስደው በእስራኤል ደቡባዊ ጫፍ፣ በቀይ ባሕር ዳር ካለችው ከኤላት ከተማ ነው። ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራው በኤላት አጠገብ፣ በኤርትራ ባሕር ዳርቻ እንደ ነበር መጽሐፈ ነገሥት ስለሚናገር ስሟ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ከከተማዋ በስተ ደቡብ 1.2 ኪሎሜትር ገደማ የሚረዝም ጥበቃ የሚደረግለት የኮራል ዳርቻ አለ። ሪፉ ከአሸዋው ጥቂት እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ ጀልባ መከራየት አያስፈልግም፤ መዋኘት ለማይችሉ ደግሞ ከባሕሩ ወለል በታች በመስኮት የሚታይበት ማማ በአቅራቢያው ተሠርቷል። እዚህ የሠለጠነ ዓይን በዓቃባም፣ በሁርጋዳም፣ በጅዳም፣ በዳህላክ ደሴቶችም ይሠራል፤ ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ በቀይ ባሕር ሁሉ የሚገኙ ናቸውና።

ከመግባትዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

ኮራል እንስሳ ነው። ድንጋይ የሚመስለው አካል ፖሊፕ የሚባሉ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት የጋራ መኖሪያ ነው። አንድ ፖሊፕ ከረጢት መሳይ ሲሆን ከላይ አንድ አፍ፣ በአፉ ዙሪያ ደግሞ ቀለበት ሠርተው የተደረደሩ ለስላሳ እጆች አሉት፤ ምግቡን የሚያስገባበትም ትራፊውን የሚያስወጣበትም ያው አንድ አፍ ነው። ዘመዶቹ ጄሊፊሽና የባሕር አኔሞን ናቸው። እንደ እነርሱ ሁሉ፣ በእጆቹ ቆዳ ውስጥ ተጠቅልለው የሚቆዩና አንዳች ነገር ሲነካቸው እንደ ጦር የሚወረወሩ፣ በዓይን የማይታዩ መርዛማ ክሮች አሉት። አብዛኞቹ ፖሊፖች ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጡም። ነገር ግን በአሸዋው ላይ ሳይጣበቅ ተጋድሞ የሚገኘው እንጉዳይ መሳይ ኮራል ብቻውን አንድ ፖሊፕ ነው፤ ስፋቱም ከሰው መዳፍ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ካገኙ ብዙ ጊዜ ይስጡት፤ የአንድን ፖሊፕ አሠራር ያለ ማጉያ መነጽር ሊያዩ የሚችሉት በእርሱ ላይ ነውና።

ድንጋዩን የሚሠሩት ጠንካራ ኮራሎች የተባሉት ናቸው። ፖሊፑ ከባሕሩ ውሃ የሚያገኘውን ካልሲየምና ካርቦኔት አዋሕዶ፣ ከሥጋው በታች አራጎናይት የሚባለውን የኖራ ድንጋይ ዓይነት እያስቀመጠ በዙሪያው ጽዋ የመሰለ ግድግዳ ይሠራል። ግድግዳው ከፍ ሲል ፖሊፑ ራሱን ወደ ላይ ያነሣና ከእግሩ ሥር አዲስ ወለል ያነጥፋል፤ የቀድሞው ክፍል ባዶ ሆኖ ከታች ይቀራል። እንዲህ እየተደራረበ ሲሄድ የሰው ቁመት የሚያህል ኮራል ይሠራል፤ ሕያው የሆነው ግን ከላይ ያለው ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሥጋ ብቻ ነው። ጎረቤታሞቹ ፖሊፖች በዚህ ስስ ሥጋ የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ያገኘውን ምግብ ለሌላው ያካፍላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄው ምን ያህል ማስፈለጉን ልብ ይበሉ፤ በእግርዎ የሚረግጡት ለመቶ ዓመት የቆመ ድንጋይ ቢመስልዎም የሚጨፈልቁት ከጥቂት ሚሊሜትር የማይወፍር ሕያው አካል ነው።

ቀለሙና ጉልበቱ የሚመጣው ደግሞ ከሌላ ፍጡር ነው። በፖሊፑ ሕዋሳት ውስጥ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር እስከ ሚሊዮን የሚደርሱ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌው የፀሐይን ብርሃን ተጠቅሞ ስኳርና ሌላ ምግብ ይሠራል፤ ከሚሠራውም አብዛኛውን ለፖሊፑ ይለቃል፤ ፖሊፑም በበኩሉ መጠለያና ከአካሉ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ይሰጠዋል። ኮራል ድንጋይ በፍጥነት መሥራት የሚችለው በዚህ ሽርክና ምክንያት ነው። ሪፍ ብርሃን የሚገባበት ጥርት ያለ ውሃ የሚፈልገውም ለዚሁ ነው። ወደ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለም፤ በኤላትም ዝናብ እጅግ ጥቂት ነው። እንደ ዓባይ ያለ ደለል ተሸካሚ ወንዝ በዚህ ዳርቻ ቢገባ ኖሮ ጭቃው ብርሃኑን ጋርዶና ፖሊፖቹን ቀብሮ ሪፉን ባልነበረ ያደርገው ነበር። ኤላት ባለችበት በዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ከ100 ሜትር በታች እንኳ በብርሃን የሚኖሩ ኮራሎች ይገኛሉ፤ እነዚህም ብርሃኑን እንዳያመልጣቸው እንደ ምጣድ ተዘርግተው ያድጋሉ።

በውሃው ውስጥ፦ አንዱን መርጦ መቆየት

ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይግቡ፤ ብቻዎን ግን አይግቡ። ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ይልበሱ። ቆዳን ከፀሐይም ሆነ ከሚለበልቡ ነገሮች ከቅባት ይልቅ ልብስ ይጠብቃል፤ በአንዳንድ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ያለው ኦክሲቤንዞን የተባለ ኬሚካልም ኮራልን ይጎዳል በሚል በፓላውና በሐዋይ ታግዷል። በኤላት ጥበቃ ክልል ወደ ጥልቁ የሚያደርሱ ድልድዮች ተሠርተዋል፤ የተሠሩትም ሰው ወደ ውሃው ሲገባ ጥልቀት የሌለውን የሪፉን ጫፍ እንዳይረግጥ ነውና በእነርሱ ይጠቀሙ። ውሃው ውስጥ ከገቡ በኋላ በሆድዎ ተንሳፍፈው እግርዎን ከኮራሉ በላይ ያቆዩ፤ ቀጥ ብሎ መቆም የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ አሸዋው ይሂዱ።

አሁን አንድ ኮራል ይምረጡና ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ለአምስት ደቂቃ ያህል ከላዩ ይቆዩ። ከምመክረው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ሰው ሁልጊዜ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ ይቸኩላልና። መጀመሪያ የሚፈልጉት ጽዋዎቹን ነው። ክብና እርስ በርሳቸው የተለያዩ ከሆኑ እያንዳንዱ የአንድ ፖሊፕ ክፍል ነው፤ እንደ አንጎል እጥፋት የተጠማዘዙ ሸለቆዎች ካዩ ደግሞ ፖሊፖቹ ሲከፋፈሉ ግድግዳ ሳያቆሙ በአንድ ረድፍ ቀርተዋል ማለት ነው። ጽዋ ጨርሶ ካላዩ፣ ገጹም ለስላሳና ሰናፍጭ መሳይ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ከነጣ፣ ራቅ ይበሉ፤ እርሱ የእሳት ኮራል የሚባለው፣ በአካል ኮራል ቢመስልም በዘር የሌላ ወገን የሆነ ፍጡር ሲሆን ሲነኩት ክፉኛ ይለበልባል። እንደ ላባ የተበጣጠሱ ስምንት እጆች ያሏቸውና በውሃው የሚወዛወዙት ለስላሳ ኮራሎች ናቸው፤ እነርሱ ግንብ አይሠሩም። ከእነርሱ መካከል ዘንያ የሚባለው ወገን እጆቹን እንደ ሰው ጣት ሲጨብጥና ሲዘረጋ ይውላል፤ ይህን ያየ ሰው ኮራል እንስሳ መሆኑን ለማመን ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ቀጥሎ ቅርጹን ያንብቡ። በጣት መሳይ ድፍን ቅርንጫፎቹ የሚታወቀውና በኤላት ጥልቀት በሌለው ውሃ በብዛት የሚገኘው ስታይሎፎራ፣ ባዶ ቦታ ቶሎ የሚይዝ ዝርያ ነው። አክሮፖራ የሚባለው ደግሞ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ከሌሎቹ ተለቅ ያለ አንድ ጽዋ አለው፤ ቅርንጫፉን ወደ ፊት የሚመራው ይህ የጫፍ ፖሊፕ ነው። ከአክሮፖራ ዝርያዎች አንዱ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ውስጥ በሞተው በጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በቪልሄልም ሄምፕሪክ ሲሆን፣ የጉዞ ጓደኛው ኤረንበርግ ወደ አገሩ ተመልሶ የቀይ ባሕርን ኮራሎች የገለጸው ከዚያ በኋላ ነው። ክብና ግዙፍ ሆኖ እንደ ጉብታ የሚታየው ፖራይትስ ግን ይዘገያል፤ በዓመት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጨምር ሁለት ሜትር የሚረዝም ጉብታ ሲያዩ በምኒልክ ዘመን የተጀመረ ወይም ከዚያ የቀደመ ሕንፃ እያዩ ሊሆን ይችላል። ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለውን ድንጋይ ሰርስረው በኤክስሬይ ሲያነሡት እንደ ዛፍ ግንድ የዓመት ዓመት ቀለበት ያገኙበታል።

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አደርገዋለሁ። የአክሮፖራ ቅርንጫፍ ጫፉ ብቻ ነጣ ብሎ ቀሪው በቀለም የተሞላ ከሆነ ኮራሉ ጤነኛ ነው፤ ጫፉ ከአልጌው መራባት ይበልጥ ፈጥኖ ስላደገ ገና አልተሞላም ማለት ነው። መላው ኮራል ነጥቶ ነገር ግን ቀረብ ብለው ሲያዩት በጽዋዎቹ ላይ እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ሥጋና የተዘረጉ እጆች ካሉ፣ ነጥቷል እንጂ አልሞተም። የውሃው ሙቀት በዚያ ስፍራ ከተለመደው የሞቃቱ ወቅት ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል በልጦ ለሳምንታት ሲቆይ አልጌው ጎጂ የኦክስጅን ውሑዶችን ማመንጨት ይጀምራል፤ ፖሊፑም ከሰውነቱ ያስወጣዋል። የሚታየው ነጭ ከሥጋው በታች ያለው አጽም ነው። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ አልጌው ሊመለስ ይችላል፤ ካልበረደ ኮራሉ በረሃብ ይሞታል።

ነጩ አጽም ሥጋ የሌለውና ስለታም ሆኖ፣ ወሰኑ ጥርት ብሎ ከሕያው ክፍል የተለየ ከሆነ ግን መንስኤው ሌላ ሊሆን ይችላል። በሥሩ ቀንድ አውጣ መሳይ ትናንሽ የባሕር እንስሳት ተሰብስበው እንደ ሆነ ይፈልጉ፤ ድሩፔላ የሚባሉት የኮራል ሥጋ በላተኞች ናቸው። ነጩ በአረንጓዴ ሱፍ መሳይ አልጌ ከተሸፈነ ያ ክፍል ከሞተ ቆይቷል። ጠቆር ያለ ሮዝ ቀለም ያለው ደረቅ ቅርፊት ከለበሰ ግን አይዘኑ። ይህ ቅርፊት ራሱ ኖራ የሚሠራ ቀይ አልጌ ሲሆን የተሰባበረውን እርስ በርስ የሚያጣብቅ የሪፉ ሲሚንቶ ነው፤ ብዙ የኮራል እጮችም ለመኖሪያ የሚመርጡት ይህን ነው።

ቀለሙን በግምት ከመናገር ይልቅ መለካት ይቻላል። የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት የሆነው ኮራልዎች ያዘጋጀው የቀለም ካርድ በአራት ቀለሞች ላይ ከ1 እስከ 6 የሚደርስ የድምቀት ደረጃ አለው። ካርዱን ኮራሉን ሳያስነኩ አጠገቡ ይያዙና እጅግ የፈዘዘውንና እጅግ የደመቀውን ስፍራ ደረጃ ይመዝግቡ። በሌላ ጊዜ ያንኑ ኮራል ሲለኩ በሁለት ደረጃ ፈዝዞ ካገኙት በውስጡ ያለው አልጌ በርግጥ ቀንሷል ማለት ነው።

የኤላት ኮራሎች በዚህ ረገድ የተለየ ተስፋ የጣልንባቸው ናቸው። በዚያ የሚሠሩት የኮራል ተመራማሪ ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ማብራሪያ እንዲህ ነው፤ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የባሕሩ ወለል ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ቀይ ባሕር እጅግ ጨዋማ ሆኖ ነበር፤ ባሕሩ ዳግም ሲሞላ የኮራል እጮች ከሕንድ ውቅያኖስ በባብ ኤል መንደብ ገብተው ወደ ሰሜን የተጓዙት በደቡባዊው ቀይ ባሕር ሞቃት ውሃ አልፈው ስለ ነበር ሙቀትን የሚችሉት ብቻ ደረሱ። ዘሮቻቸው ዛሬ በቀዝቃዛው ሰሜን ይኖራሉ፤ የአባቶቻቸውን ጽናት ግን አልጣሉም። ይህ ከጉዳት ሁሉ ይጠብቃቸዋል ማለት እንዳልሆነ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ካስከተለው ያልተለመደ ቅዝቃዜ የተነሣ በቀጣዩ የብርድ ወቅት የባሕረ ሰላጤው ጥልቅ ውሃ ከነማዳበሪያው ወደ ላይ ወጥቶ፣ የበቀለው አልጌ የኤላትን ኮራሎች አለብሶ ብዙዎችን ገድሏል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የመጣው ማዕበልም ሪፉን ሰባብሮታል።

ግንቡ እንዴት ይቆማል?

ከኮራሉ ከፍ ብለው አሁን ሪፉን በሙሉ ይመልከቱ። ከዳርቻው ሲነሡ መጀመሪያ ጥልቀት የሌለው የውሃ ክፍል፣ ቀጥሎ ጠፍጣፋ የሪፉ ጣሪያ፣ ከዚያ ማዕበል የሚመታው ጠርዝ፣ በመጨረሻም ወደ ጥልቁ የሚወርድ ቁልቁለት ያገኛሉ። ከዳርቻ ጋር ተያይዞ የሚያድግ እንዲህ ያለ ሪፍ የዳርቻ ሪፍ ይባላል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 እንዳስረዳው፣ በዙሪያዋ የዳርቻ ሪፍ ያላት የእሳተ ገሞራ ደሴት ቀስ በቀስ ስትሰምጥ ኮራሉ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ መገንባቱን ይቀጥላል፤ በሪፉና በመሬቱ መካከል ውሃ ይገባና የማገጃ ሪፍ ይሆናል፤ ደሴቲቱ ፈጽማ ስትሰወር ቀለበቱ ብቻውን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1952 በሰላማዊ ውቅያኖስ በኤኒዌቶክ ቀለበት ላይ ሲቆፈር ከ1200 ሜትር በላይ የኮራል ድንጋይ ታልፎ የእሳተ ገሞራ ዐለት በመገኘቱ ሐሳቡ ተረጋግጧል።

ሪፍ ግን ያለ ማቋረጥ የሚፈርስ ግንብም ነው። ትንፋሽዎን ለአፍታ ይያዙና ያዳምጡ፤ የሚሰሙት የመሰባበር ድምፅ በቀቀን ዓሣ ድንጋዩን በጥርሱ ሲግጥ ነው። አልጌውን ፈልጎ ድንጋዩን አብሮ ይውጣል፣ ፈጭቶም በአሸዋ መልክ ያወጣዋል፤ አንድ ትልቅ በቀቀን ዓሣ በዓመት በመቶ ኪሎግራም የሚቆጠር አሸዋ ያመርታል። የተኙበት ነጭ ዳርቻ ከፊሉ እንዲህ የመጣ ነው። ስፖንጅና ዛጎል ለበስ እንስሳት ከውስጥ ይቦረቡሩታል፤ ረጅም እሾህ ያለው ጥቁር የባሕር ጃርትም ይፍቀዋል። እነዚህን እንደ ጠላት ማየት ስሕተት ነው። አልጌውን የሚያጭዱት እነርሱ ናቸውና እነርሱ ሲጠፉ አዲስ የኮራል እጭ የሚያርፍበት ንጹሕ ድንጋይ ይታጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የኤላት ጥቁር የባሕር ጃርቶች በባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋሲ በጅምላ ማለቃቸው ተመራማሪዎችን ያስደነገጠው ለዚህ ነው። ሪፍ የሚያድገው የሚገነባው ከሚፈርሰው ሲበልጥ ብቻ ነው፤ ሚዛኑም ጠባብ ነው።

ባሕሩ ሲለቅ የሚቀረውን ማየት የሚሻ ኢትዮጵያዊ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከ100 ሺህ ዓመት በፊት በነበረ ዘመን ቀይ ባሕር ወደ ዳናክል ረባዳ ምድር ገብቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የበቀሉት የኮራል ሪፎች ዛሬ በአፋር በረሃ ጠርዝ ላይ ደርቀው ቆመዋል። ያው ባሕር ተቆርጦ ሲተን ጨው ትቶ ሄዷል፤ አሞሌ የሚቆረጥበት ምድር የኮራል አገርም ነበር። በድንጋዩ ላይ ጽዋዎቹን ከላይ በገለጽኩት መንገድ ለይቶ ማየት ይቻላል።

በሌሊት መመለስ

ቀን ያጠኑትን ኮራል ፈቃድ ባለበት ስፍራ፣ ልምድ ካለው አስጎብኚ ጋር በሌሊት ይጎብኙት። ብዙዎቹ ፖሊፖች ቀን ተሸሽገው ይውላሉ፤ ሲመሽ ጥቃቅን እንስሳት ከጥልቁ ስለሚወጡ እጆቻቸውን ዘርግተው ያጠምዳሉ። ኃይለኛ መብራት በቀጥታ ካበሩባቸው ይሰበሰባሉና መብራቱን ወደ ጎን አድርገው በጠርዙ ብርሃን ብቻ ይመልከቱ። ቀን ሸካራ ድንጋይ የነበረው በጸጉር እንደ ተሸፈነ ሆኖ ያገኙታል። በሞቃቱ ወቅት አንዳንድ ሌሊቶች አክሮፖራ ሮዝ ቀለም ያላቸውን የእንቁላልና የነባዘር እሽጎች ወደ ውሃው ይለቃል፤ ስታይሎፎራ ግን እጮቹን በውስጡ አሳድጎ ይለቃል። እጯ ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር አትበልጥም፤ ተንሳፋ ሮዝ ቅርፊት የለበሰ ድንጋይ ስታገኝ ትጣበቃለች፣ በዚያም የመጀመሪያውን ጽዋ ትሠራለች። ፎቶግራፍ ሲያነሡ ቀኑን፣ ጥልቀቱንና የውሃውን ሙቀት ይጻፉ፤ አንድ ቋሚ ምልክትም በፎቶው ውስጥ ያስገቡ፤ በዓመቱ ሲመለሱ የኮራሉ ቅርንጫፍ ስንት ሴንቲሜትር እንደ ጨመረ የሚነግርዎ እርሱ ነው።